ቁጥርሽ ስንት ነው?

ከሰዓት የጀመረው ዝናብ አሁንም አላባራም። መብራት የለም። ሻማ አብርቼ ወለሉ ላይ ነጭ ወረቀት ዘረጋሁ። ቀኝ እግሬን አስቀምጬ ዙሪያውን በእስክሪብቶ ሳልኩት። ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት 24.5 ሴንቲ ሜትር። ታናሼ በዚህ ወር መጨረሻ ይመጣል። «የተራራ ጫማ ላምጣልሽ፣ ቁጥርሽ ስንት ነው?» ካለኝ አራት ቀኑ።

ነገሩ የመጣው ከእንጦጦው እሑድ ነው። መንገድ መንገዱን መሄድ እንደማልወድ ታውቃላችሁ። ሯጮቹ በባህር ዛፉ መሃል ተከታትለው እየተጠማዘዙ ሲሮጡ ካየሁ ጀምሮ ልቤ እዚያው ነው። የዚያን ቀን ግን ያደረግኩት የአስፋልት ስኒከሬን ነበር። ከላይ የረጠበ ቅጠል፣ ከሥሩ ቀይ ጭቃ። ጭቃው ሶሉ ላይ ተለጥፎ ሌላ ሶል ሠራ። ቁልቁለቱ ላይ ሁለት ጊዜ ተንሸራተትኩ። ሦስተኛው ላይ የተቆረጠ ባህር ዛፍ ጉቶ ረገጥኩ። ሶሉን አልበሳውም፤ ግን አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ። ሳምንቱን ሙሉ አነከስኩ።

ስለዚህ አሁን የምፈልገውን አውቃለሁ። የሶሉ ጥርስ ጥልቅ ይሁን፤ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር። ጥልቀት ብቻውን ግን አይበቃም፤ ጥርሶቹ ካልተራራቁ ጭቃው መሃላቸው ተጠቅጥቆ ይቀራል። ሶላቸው ውስጥ ስስ ጠንካራ ፕላስቲክ የገባባቸው አሉ። ሹል ድንጋይ ሲረገጥ ጫናውን ይበትነዋል። ለጉቶውም መድኃኒቱ እሱ ነበር። አፍንጫው ላይ ወፍራም ጎማ ይኑረው። ውሃ አያስገባም የሚባለውን አልፈልግም። ክረምት ረጅም ሣር ውስጥ ሲኬድ ውሃው በቁርጭምጭሚት በኩል ከላይ ይገባል፤ አንዴ ከገባ ደግሞ ያ ጫማ መልሶ አያወጣውም። ቶሎ አፍስሶ ቶሎ የሚደርቅ ይሻለኛል። ሶሉ እንደ ፍራሽ ከፍ ያለውም ይቅር። አስፋልት ላይ ይመቻል፣ ድንጋይ ለድንጋይ ሲሄዱበት ግን ወለም ያደርጋል። ቁጥሩም ከለመድኩት ከፍ ይበል። የአውራ ጣቴ ጥፍር ጠቁሮ የወደቀው ወንጪ ሐይቁ ድረስ የወረድን ጊዜ ነው፤ ቁልቁለት እግርን ወደ ፊት ይገፋል።

የጎማው ዓይነትም አለ። ለስለስ ያለው እርጥብ ድንጋይ ይይዛል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ጠንካራው ይበረክታል፣ ግን ያንሸራትታል። ስለ ጎማው ሳነብ ቪታሌ ብራማኒን አገኘሁ። ጣሊያናዊ ተራራ ወጪ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1935 ስድስት ጓደኞቹ ተራራ ላይ ሞቱበት። ጫማቸው ለዚያ ብርድና በረዶ የሚሆን አልነበረም። እሱም ተነሥቶ በ1937 ባለ ጥርስ የጎማ ሶል ይዞ መጣ። ቪብራም የሚለው የሶል ስም ከእሱ ስም የተቀነጨበ ነው። ሥራውን በገንዘብ ያገዘው ፒሬሊ ነው፣ የመኪና ጎማ አምራቹ። ስድስት ሰው ሞቶ የመጣ ሶል መሆኑን ካወቅኩ ወዲህ ጫማ ገልብጬ ሳይ ዝም እላለሁ።

የመኪና ጎማ ሲባል ደግሞ ያው በረባሶ ትዝ ይለኛል። ከበረባሶ ቀጥሎ የሰሜን ተራራው ስካውታችን፣ የፓርኩ ጠባቂ። ከሳንቃበር ወደ ግጭ ስንሄድ ጠመንጃቸውን አንግተው፣ ያለ ካልሲ፣ በኮንጎ ጫማ ነበር የመሩን። እኔ በውድ ቦት ጫማ ድንጋይ እየመረጥኩ ስረግጥ እሳቸው ቆመው ይጠብቁኛል። «ቀስ በይ ልጄ፣ ድንጋዩ የትም አይሄድ» አሉኝ። ያኔ ከመሃላችን አንዱ «እነሱ ለምደውታል» አለ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። አሁን ያ ቃል ያመኛል። የለመደ እግር አይጎዳም ያለው ማነው?

አያቴ ለምዳው ነበር። ጎጃም፣ ቀይ አፈር ላይ፣ ዕድሜዋን ሙሉ በባዶ እግሯ። ውሃ ቀዳች፣ ገበያ ወረደች፣ ቤተ ክርስቲያን ሳመች። እግሯ ማበጥ ሲጀምር አንዱ መድኃኒት ረግጣ ነው አለ፣ ሌላው እርግማን ነው አለ። ለካ አፈሩ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በመጣው ቀይ አፈር ውስጥ ያሉት ደቃቅ ቅንጣቶች በባዶ እግር ቆዳ ሰርገው ይገባሉ። ዓመታት ሲቆጠሩ እግር ያብጣል። ዝሆኔ ከምንለው አንዱ ይሄ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ጎረቤቶቿ ግን ሲኒዋን ይለዩባት ነበር። ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል። ጫማ ብቻ! ባለ ጥርስ እንኳን መሆን የለበትም።

ክረምት እሷ ጋ ስሄድ እግሯን የማጥበው እኔ ነበርኩ። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ። በጣቶቿ መሃል ጣቴ አያልፍም ነበር፤ አብጠው ተጣብቀዋል። ቆዳው እንደ ዛፍ ቅርፊት ሻክሯል። ውጭ ኮቴ ከተሰማ ውሃው ውስጥም ቢሆን ቀሚሷን ወደ ታች ትስበዋለች። ጠርዙ ይርሳል። እንግዳው እስኪሄድ እንደረጠበ ትቀመጣለች።

አባዬ ከመርካቶ ጫማ ገዝቶላት ነበር። ጥቁር፣ ክር የሌለው። አልጋዋ ሥር በፌስታል ተጠቅልሎ ኖረ። እግሯ አልገባበትም። ካረፈች በኋላ ዕቃዋን ሲያወጡ ገልብጬ አየሁት። ሶሉ አፈር አልነካውም። ውስጡ አንድ ሰንበሌጥ ነበር፣ በልክ የተቆረጠ። በዚያ ዘመን ከተማ ወጥቶ ጫማ የሚገዛ ሰው እግሩን በሰንበሌጥ ለክቶ ይይዝ ነበር።

ሰንበሌጡን ከእኔ እግር ጋር አስተያየሁት። እምብዛም አይበልጥም። ሰንበሌጥ ደግሞ ርዝመት እንጂ ስፋት አይለካም።

አባዬን ሳልጠይቀው እሱም ሄደ። ተንበርክኮ ሲለካት እብጠቱን እያየ ነው ርዝመቱን ብቻ የቆረጠው? ወይስ እሷ ለልጇም ቀሚሷን ስባበት ነበር?