ትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ አንቴና ስንተክል የገጠመኝ

ነገሩ 2002 ላይ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ምጽፈው)፣ ለንደን ውስጥ ለሞባይል ካምፓኒዎች አንቴና ከሚተክል ሰብኮንትራክተር ጋር እሰራ ነበር። የዛን ጊዜ ስራው በላይ በላዩ ነበር ሚመጣው፣ ምክንያቱም የእንግሊዝ መንግስት በ2000 አምስት የስሪ ጂ (የሶስተኛው ትውልድ የሞባይል ኔትወርክ) ፈቃዶችን በጨረታ ሸጦ ወደ 22.5 ቢሊዮን ፓውንድ ሰብስቧል፣ ይሄን ያህል ብር የከፈለ ካምፓኒ ደግሞ ኔትወርኩን ቶሎ ካልዘረጋ ይከስራል፣ ስለዚህ ሁሉም ጣሪያ ፍለጋ ላይ ነበር። ትምህርት ቤት ደግሞ ለዚህ ሚመች ነገር ነው፣ ጣሪያው ጠፍጣፋ፣ ቦታው መኖሪያ ሰፈር መሃል፣ በጀት ሁሌ ስለሚያጥረው ኪራዩንም ይፈልገዋል።

እኛ የሰራንበት ባለ ሶስት ፎቅ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ክሬን ሚያስፈልገው ስራ ስለሆነ ልጆቹ ለእረፍት በተበተኑበት ሳምንት ነው የገባነው፣ ሶስት አንቴና በሶስት አቅጣጫ አቆምን፣ የመሳሪያውን ሳጥን (ካቢኔቱን) አስገባን፣ ኬብሉን ዘረጋን፣ ማብራት ብቻ ቀረ። ሰኞ ወላጆች ልጆቻቸውን ሊያደርሱ ሲመጡ ቀና ብለው አዩት እና በቃ፣ በሩ ላይ ጩኸት ሆነ። ለደህንነት ብለን የመረጥነው ሳምንት ለነሱ "ሰው በሌለበት ተደብቀው ተከሉት" ሆነ፣ እኔ በነሱ አልፈርድም፣ ማንም የነገራቸው የለም እኮ።

እዚህ ላይ ህጉን ማወቅ ጥሩ ነው። በ2000 በሰር ዊሊያም ስቱዋርት የሚመራ የባለሙያዎች ቡድን ስለ ሞባይል እና ጤና ለመንግስት ሪፖርት አቅርቦ ነበር። ሪፖርቱ ሚለው፣ እስካሁን ያለው ማስረጃ ከተቀመጠው ገደብ በታች የሆነ የአንቴና ጨረር ሰውን እንደሚጎዳ አያሳይም፣ ግን ጨርሶ ችግር የለውም ብሎ መደምደምም ስለማይቻል ጥንቃቄ ይደረግ፣ በተለይ የአንቴናው ዋናው ጨረር ያለ ትምህርት ቤቱ እና ያለ ወላጆች ስምምነት ትምህርት ቤት ግቢ ላይ እንዳያርፍ። 2001 ላይ ደግሞ መንግስት ካምፓኒዎች ትምህርት ቤት ላይ ወይም አጠገቡ ከመትከላቸው በፊት ትምህርት ቤቱን እንዲያማክሩ መመሪያ አወጣ። ካምፓኒው ይሄንን አድርጓል፣ የትምህርት ቤቱን ቦርድ አማክሯል፣ ቦርዱ ፈርሟል። ወላጆቹ ግን በመሃል ወደቁ፣ ካምፓኒው ቦርዱ ይነግራቸዋል ብሎ፣ ቦርዱ ደግሞ ካምፓኒው ይነግራቸዋል ብሎ።

ከዛ ማታ ላይ በመመገቢያ አዳራሹ ስብሰባ ተጠራ፣ የካምፓኒው ኢንጂነር ስላይድ ይዞ መጣ፣ እኔ የጨረር መለኪያውን ይዤ ከጎኑ ቆምኩ። ኢንጂነሩ የተናገረው ነገር ውሸት የለበትም። አንቴና ጨረሩን ሚልከው እንደ መኪና መብራት ወደፊት ነው፣ በትንሹ ነው ወደታች ሚያዘነብለው፣ ስለዚህ ዋናው ጨረር መሬት ሚነካው ከመቶ ሜትር ወዲያ ምናምን ነው፣ አንቴናው እግር ስር ያለ ክፍል ብዙም አይደርሰውም። ለስሪ ጂ ሞገድ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ገደብ 61 ቮልት በሜትር (የሞገዱ ጥንካሬ ሚለካበት ነው) ነበር፣ ትምህርት ቤቶች አካባቢ ሚለካው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ይሄን ሁሉ አስረዳ፣ ግን አንድ አባት ተነስቶ "ያልበራ ነገር ለክታችሁ ምን ልትነግሩን ነው?" አለው። ሌላዋ እናት የስቱዋርትን ሪፖርት ፕሪንት አድርጋ፣ የወላጆች ስምምነት ሚለውን በቢጫ አቅልማ ይዛ መጥታለች፣ ጮክ ብላ አነበበችው፣ ኢንጂነሩ መልስ አልነበረውም ምክንያቱም እሱም ሚጠቅሰው እሱኑ ሪፖርት ነው።

በዚህ መሃል መለኪያው አጠገብ የነበረ አንድ አባት ስልኩ ጠራ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ዘሎ ወጣ። ኢንጂነሩ ደስ አለው፣ አያችሁ፣ ጆሯችሁ ላይ ሚለጠፈው ስልክ ከአንቴናው ይበልጣል አለ። እውነቱን ነው፣ እንደውም ኔትወርክ ደካማ ሲሆን ስልኩ ጉልበት ጨምሮ ነው ሚልከው። አባትየው ግን ስልኩን ዘግቶ "ይሄን እኔ ነኝ የመረጥኩት፣ ያንን ማን መረጠልኝ?" አለው። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ለራሴ እዛ ጋር ነው ነገሩ የገባኝ፣ ሰዎቹ ፊዚክስ አልጠፋቸውም፣ በልጆቻቸው ጉዳይ ሳይጠየቁ መታለፋቸው ነው ያንገበገባቸው፣ ለዛ ደግሞ ስላይድ አይመልስም።

ስብሰባው ሊበተን ሲል አንዲት ሀበሻ እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ወደኔ መጡ፣ የልጅ ልጃቸውን ነው ሚያመላልሱት፣ እንግሊዝኛው ብዙም አይሆንላቸውም። "ልጄ አንተ የኛ ሰው ነህ፣ እውነቱን ንገረኝ እስኪ፣ ልጁን ይጎዳዋል?" አሉኝ። እማማ፣ ታች ግቢ ውስጥ ለሚጫወት ልጅ እኔ አልፈራም፣ አደጋ ያለው ጣሪያው ላይ አንቴናው ፊት ለፊት ጥቂት ሜትር ውስጥ ለሚቆም ሰው ነው፣ እዛ ደግሞ ሰው አይወጣም፣ እኛም ራሳችን ሳናጠፋው ፊቱ አንቆምም አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና "አይወጣም ትላለህ፣ ታዲያ ባለፈው ኳሱ ጣሪያ ላይ ቀርታበት ትልልቆቹ ልጆች ናቸው እኮ ወጥተው ያወረዱለት" አሉኝ።

ደነገጥኩ። ይሄን ሁሉም ይስማ ብዬ ፈቀዱልኝና ጥያቄያቸውን በእንግሊዝኛ ጮክ ብዬ አቀረብኩት። ዳይሬክተሯ የጣሪያው በር ቁልፍ ለካምፓኒው ተላልፏል አለች፣ የካምፓኒው ሰውዬ ደግሞ በሩ የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው አለ። በማግስቱ ጠዋት ከህንጻው ጠባቂ ጋር ወጣን፣ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ያለው በር ጓጉንቸሩ ተንጠልጥሏል ግን አይቆለፍም፣ ማጠፊያው ከተነቀለ ቆይቷል። ውጪ ሁለት የቴኒስ ኳስ፣ የቺፕስ ላስቲክ፣ እና ካቢኔቱ ጎን ልጆች ሚቀመጡበት የተገለበጠ ሳጥን ነበር። ሳጥኑ የተቀመጠው አንዱ አንቴና ፊት ለፊት ነው። በርግጥ አንቴናው አልበራም ነበር፣ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን እንዲበራ ቀን ተቆርጦለታል። ለዚህ ቦታ የደህንነት ፎርም ተሞልቷል፣ "የጣሪያ መግቢያ የተቆለፈ" ሚለው ላይ ምልክት ተደርጓል፣ ማን ሄዶ እንዳየው ማንም አያውቅም። ጨረሩ እንኳ ይቅር፣ የጣሪያው ጠርዝ ከጉልበት ብዙ ከፍ ያለ ግንብ የለውም፣ ልጅ ቢወድቅስ? በጣም ነው የተናደድኩት፣ አሁንም ሳስበው እናደዳለሁ። በወረቀት ሁሉ ነገር ተሟልቶ ሳለ አደጋውን ያዩት ስብሰባው ላይ ማንም ሀሳባቸውን ያልጠየቃቸው አያት ናቸው።

በሩ በዛው ሳምንት ተቀየረ። ወላጆቹ ግን ፊርማ አሰባስበው ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ጋር ሄዱ፣ ቦርዱም ተጨንቆ ከኮንትራቱ ወጣ፣ እኛ የተከልነውን ራሳችን አወረድነው። ሰፈሩ ኔትወርክ ስለሚያስፈልገው ካምፓኒው ከመንገዱ ማዶ ያለ የቢሮ ህንጻ ጣሪያ ተከራየ። ይሄ ብዙ ሰው ሚገርመው ነገር ነው፣ አንቴናው ከትምህርት ቤቱ ራስ ላይ ተነስቶ ራቅ ሲል ዋናው ጨረር ግቢው ላይ ሊያርፍ ይችላል፣ ማለትም ግቢው በፊት ከሚደርሰው ትንሽም ቢሆን ከፍ ሊል ይችላል፣ ከገደቡ ግን በጣም በታች ነው። ሪፖርቱም ትምህርት ቤት አጠገብ ለሚተከለው ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይደረግ ነው ሚለው።

ይሄን ጊዜ ኢንጂነሩ ስላይዱን ትቶ አንድም ብሎን ሳይታሰር ወላጆቹን ጠራ፣ ይሄንን የጨረሩን ነገር ራሱ ቀድሞ ነገራቸው። እኔ አማርኛ ለሚፈልጉት አስተረጎምኩ። የት እንደሚለካ የመረጡት እነሱ ናቸው፣ እማማ የህጻናቱን ክፍል መስኮት መረጡ፣ ሌላው አሸዋ ሜዳውን፣ ቁጥሩን እነሱ ራሳቸው አንብበው ጻፉ፣ ከበራም በኋላ ተመልሰን እዛው ቦታ ለካን። ክርክር ነበረ፣ እንደውም ሁለት ቤተሰብ አሁንም አንስማማም ብለው ወጡ። የቀሩት ግን ሶስት ነገር አስጻፉ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ የዞረው አንቴና አቅጣጫው እንዲቀየር፣ በየዓመቱ ተለክቶ ውጤቱ ለወላጆች እንዲላክ፣ አንቴና ሊጨመር ሲል አስቀድሞ እንዲነገራቸው። ኢንጂነሩ አቅጣጫው ከተቀየረ በትምህርት ቤቱ በኩል ያሉ ቤቶች ኔትወርክ ደካማ እንደሚሆንባቸው ካርታው ላይ አሳያቸው፣ ከነዛ ቤቶች አንዳንዶቹ የራሳቸው ነበሩ፣ ይሁን ብለው ፈረሙ።