ሞሊዎቹና የሻይ ማንቆርቆሪያው

ሥራዬ አኳሪየም መትከልና መንከባከብ ነው። ሆቴል፣ ክሊኒክ፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ አንዳንዴም ሰው ቤት እሄዳለሁ። ካቻምና ክረምት አዲስ አበባ፣ አቃቂ በኩል ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በአንድ የሕፃናት ክሊኒክ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ።

አኳሪየሙ 200 ሊትር ይይዛል። የተቀመጠው ሕመምተኞች ተራ የሚጠብቁበት ክፍል ውስጥ ነው። መርፌ የፈራ ልጅ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ዓሣዎቹን ሲያይ ለቅሶውን ይረሳል። ውስጡ 9 ሞሊ፣ 15 ኒዮን ቴትራና 6 ኮሪዶራስ ነበሩ። ልጆቹ አብዝተው የሚወዱት ግን ሆዷ ድብልብል ያለውን ጥቁር ሞሊ ነበር። ተመላልሰው የሚታከሙት ገና ከበር ሲገቡ "ጥቁሯስ?" ይላሉ።

ሞሊ ጠንካራ ዓሣ ናት ይባላል። እኔም ለደንበኞቼ እንደዚያው ስል ኖሬያለሁ።

ሐምሌ መግቢያ ላይ የሕንፃው የጉድጓድ ውሃ ፓምፕ ተቃጠለ። ጥበቃው የጣሪያውን አሸንዳ ወደ ሮቶው አዞሩት። የሐምሌ ዝናብ ነውና ሮቶው ለመሙላት ጊዜ አልፈጀበትም። ውሃው ጥርት ያለ ነበር። እኔም ደስ አለኝ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት የዓሣን ስንጥብ፣ ማለትም የሚተነፍስበትን አካል፣ ያቃጥላል፤ ይሄ ግን ከሰማይ የወረደ ንጹሕ ውሃ ነው አልኩ። ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ የአኳሪየሙን ግማሽ ውሃ እየቀዳሁ በዝናብ ውሃ ተካሁት። ሂሳቡን አስሉት። ከሦስተኛው ቅዳሜ በኋላ ከድሮው ውሃ የቀረው ስምንት እጅ አንዱ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ዶክተሯ ደወሉልኝ። "ዓሣዎቹ እየጨፈሩ ነው። ልጆቹ ይስቃሉ፣ እኔ ግን ደህና አልመሰሉኝም" አሉኝ።

ስደርስ ጥቁሯ ማሞቂያው ሥር ነበረች። ክንፎቿን ገላዋ ላይ ጥብቅ አድርጋለች። ሰውነቷ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ እንደምትዋኝ ትታገላለች፣ ግን ካለችበት አንዲት ጣት ፈቀቅ አትልም። ሌሎቹ ሞሊዎችም እንደዚያው ናቸው። ኒዮኖቹ ደግሞ እንደዚያ አምሮባቸው አይቼ አላውቅም። ሰማያዊው መስመራቸው ያበራል። ያሳሳተኝም ይሄ ነው። ውሃው መጥፎ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ይታመሙ ነበር ብዬ ደመደምኩ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ብርዱን ነው። ቴርሞሜትሩ 25 ዲግሪ ይላል። ብርድ አይደለም። እንግዲያው በሽታ ነው አልኩና መድኃኒት ጨመርኩ። ምን በሽታ እንደሆነ ሳላውቅ ነው የጨመርኩት፤ እስካሁን ይቆጨኛል። በሁለት ቀን ውስጥ ሦስት ሞሊ ሞተ። ዓርብ ጠዋት ጥቁሯን አወጣኋት። እርጉዝ ነበረች። ሞሊ እንቁላል አትጥልም፤ አንድ ወር ያህል በሆዷ ይዛ የሚዋኙ ጫጩቶችን ነው የምትወልደው። መረቡን ይዤ ስቆም አንዲት ልጅ ወንበር ላይ ቆማ ታየኝ ነበር።

ክሊኒኩን የሚያጸዱት፣ ሻይም የሚያፈሉት ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት ናቸው። ሻይ ይዘውልኝ መጡ።

"ልጄ፣ ውሃው እኮ ተለውጧል" አሉኝ።

"የዝናብ ውሃ ነው እትዬ። ንጹሕ ነው።"

"ንጹሕማ ነው። እስቲ ና፣ አንድ ነገር ላሳይህ።"

ወደ ማዕድ ቤቱ ወሰዱኝና የማንቆርቆሪያውን ክዳን ከፈቱት። ውስጡ ላይ ነጭ ቅርፊት አለ፤ የእንቁላል ልጣጭ ይመስላል። በጥፍራቸው ሲነኩት ተፈረፈረ። "በጉድጓዱ ውሃ ጊዜ በየሳምንቱ በሎሚ እፍቅ ነበር፤ መልሶ ይነጣል። የዝናቡን ማፍላት ከጀመርኩ ወዲህ ጭራሽ አልጨመረም። ሳሙናውም አንዴ ካረፋ ከእጄ አልለቅ ይለኛል" አሉኝ።

ሻዩን እንደያዝኩ ቀረሁ። የአቃቂ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ ሀገር ነው። ከተማዋ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች ሌላ ከአቃቂ ጉድጓዶችም ትጠጣለች። ከመሬት በታች በድንጋይ መሃል ያለፈ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዞ ይወጣል። ማንቆርቆሪያው ላይ የሚጋገረው በዋናነት ካልሲየሙ ነው። ዝናብ ግን ይሄ ሁሉ የለውም ማለት ይቻላል። እኔ ውሃ የቀየርኩ መስሎኝ ሞሊዎቹ የሚኖሩበትን ማዕድን እየቀዳሁ ደፍቼዋለሁ።

መለኪያውን ከመኪና አመጣሁ። ፒኤቹ፣ ማለትም የውሃውን አሲዳማነት የሚያሳየው ቁጥር፣ ድሮ ወደ 8 የሚጠጋው 6.5 ላይ ወርዷል።

የሞሊ ዘር ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ ነው። ማዕድን የበዛበት ወንዝ፣ ከባሕር ዳር ያለ ጨው የቀላቀለ ውሃ ይስማማታል፤ ቀስ በቀስ ከለመደች ባሕር ውሃ ውስጥም ትኖራለች። ጨው አልባ ውሃ ውስጥ የሚኖር ዓሣ ሁሉ ጨው በስንጥቡ በኩል ይወጣበታል፣ ውሃ ደግሞ ይገባበታል። ካልሲየም ያንን ስንጥብ እንዳያፈስ ያጠብቀዋል። ማዕድኑ በድንገት ሲጠፋ ሞሊዋ ትዳከማለች፤ ያ ውዝዋዜም ይመጣል። ኒዮን ደግሞ የአማዞን ዓሣ ነው፤ የሚወደው ማዕድን ያነሰውን ለስላሳ ውሃ ነው። ለዚህ ነው የሞሊዎቹ መከራ ለኒዮኖቹ ድግስ የሆነው። እንግዲህ ሁለቱን ከመጀመሪያው አንድ ላይ ማስቀመጤ ራሱ ስህተት ነበር። ቀለማቸው አብሮ ስለሚያምር ብቻ ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። እባካችሁ አታድርጉት።

መልሶ በአንዴ መቀየርም ይገድላል። ስለዚህ ከጎረቤት ሕንፃ የጉድጓድ ውሃ በጄሪካን እያስመጣሁ በቀን 20 ሊትር ብቻ መተካት ጀመርኩ። ከእብነ በረድ ቆራጮች ዘንድ የተጣለ ቁርጥራጭ ለቀምኩ። እያንዳንዱ ላይ አቼቶ ጠብ አደርጋለሁ፤ ካረፋ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ ዝም ካለ ግራናይት ሊሆን ስለሚችል እተወዋለሁ። ያረፋውን አጥቤ በመረብ ከረጢት ፊልትሮው ውስጥ ከተትኩት። ቀስ እያለ ይሟሟል። ለሞሊ ጨው ጨምሩላት የሚል ምክር ትሰሙ ይሆናል። የወጥ ጨው ካልሲየም አይሆንላትም፤ ኮሪዶራስንም ይጎዳል። የቆርቆሮ ጣሪያ ውሃም ሌላ ጣጣ አለው። ከቆርቆሮው ሽፋን ዚንክ ሊታጠብ ይችላል፤ ዚንክ ደግሞ በለስላሳ ውሃ ውስጥ ዓሣ ላይ ይበረታል።

ለዶክተሯ "ጥፋቱ የኔ ነው፣ መድኃኒቱም ያለ ቦታው ነው የገባው" አልኳቸው። ይህን ማለት ከብዶኝ ነበር፤ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ "በሽታ ነው" ብያቸዋለሁና። የወሩን ክፍያ አልተቀበልኩም። ኒዮኖቹን ለስላሳ ውሃ ወዳለው ሌላ ደንበኛዬ አዛወርኩ። በምትካቸው ፕላቲ አስገባሁ፤ ፕላቲ እንደ ሞሊ የማዕድን ውሃ ይወዳል።

አምስት ሞሊ ተረፈ። በሁለተኛው ሳምንት ውዝዋዜው ቆመ፤ ክንፋቸውም ተዘረጋ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ እትዬ ደወሉ። "ልጄ፣ ቅጠሉ መሃል የሚላወስ ነገር አለ። አሥራ አራት ድረስ ቆጥሬ ዓይኔ ደከመ። ትልልቆቹ እንዳይበሏቸው ቶሎ ድረስ!"

ቅጠል ጨምሬላቸው መጣሁ። ከመውጣቴ በፊት ማዕድ ቤት ገብቼ የማንቆርቆሪያውን ክዳን ከፈትኩት። አዲስ ነጭ ቅርፊት ይዟል፤ ፓምፑ ተሠርቶ ነበር።