ፍሪጅ ጭነን አፍዴራ ወረድን

አፍዴራ እንሂድ ሲባል የሁሉም ሐሳብ ውሃና ናፍጣ ላይ ነበር። የኔ ደግሞ ኢንሱሊን ላይ። ጋሼ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ ስኳር አለባቸው፣ ግን አፋርን ሳላይ አልሞትም ካሉ ቆይተዋል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ አለበት። የተከፈተው እስከ 30 ዲግሪ ድረስ ለአንድ ወር ገደማ ይቆያል፣ ግን አፍዴራ ላይ 30 ዲግሪ ብርድ ነው። ስለዚህ ባለ 40 ሊትር የመኪና ፍሪጅ ከወዳጅ ተዋስን። (የሄድነው ሃይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ በኅዳር 2018 ፈንድቶ አፍዴራን አመድ ከማልበሱ በፊት ነው፤ ስለ መንገዱ የምለውም የዚያን ጊዜውን ነው።)

የመኪና ፍሪጅ በቀጥታ በ12 ቮልት ይሠራል። ኮምፕረሰሩ ሲነሳ ከ4 እስከ 5 አምፒር ይስባል፣ ውስጡ ሲቀዘቅዝ ያርፋል። የመኪናው የፊት መብራት እንኳ ከዚህ በላይ ይስባል። ጣጣው ያለው የሚሰካበት ቦታ ላይ ነው። የኛ ላንድክሩዘር ኋላ ላይ ከፋብሪካ የመጣ የላይተር ሶኬት አለው፣ ግን ቁልፍ ሲነቀል አብሮ ይጠፋል። ማታ መኪናውን አቁመህ ስትተኛ ፍሪጁም ተኛ ማለት ነው። የላይተር ስፒና ደግሞ በስፕሪንግ ተገፍታ የምትነካ አንዲት ትንሽ ጫፍ ናት ያለችው፤ ኮረኮንች ላይ ትላላለች፣ ስትላላ ትሞቃለች፣ ስትሞቅ ዙሪያዋን ያለውን ፕላስቲክ ታቀልጣለች። ከፍሪጁ ጋር የተዋስነው ስፒና ጫፉ ጠቁሮ፣ ጎኑ እንደ ሻማ ፈስሶ ነበር።

መጀመሪያ ቴስተር ይዤ ለካሁ። ሞተር ጠፍቶ፣ ቁልፍ ብቻ ተከፍቶ፣ ኮምፕረሰሩ እየሠራ። ባትሪው ላይ 12.5 ቮልት። ሶኬቱ ላይ 11.2። ከአንድ ቮልት በላይ መንገድ ላይ ቀልጦ ቀረ! እነዚህ ፍሪጆች የመኪናውን ባትሪ እንዳይጨርሱ ራሳቸውን የሚያጠፉበት መከላከያ አላቸው፣ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ ተብሎ የሚመረጥ። ከፍተኛው ላይ ካደረግኸው ባትሪው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ፍሪጁ ባትሪ አልቋል ብሎ ይዘጋል፣ ሰውም ይሄኔ ፍሪጁን መርገም ይጀምራል። ሂሳቡ ቀላል ነው። 0.75 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ ከባትሪው እስከ ኋላ 6 ሜትር ቢሄድ፣ መመለሻው ሲጨመር 12 ሜትር ነው፤ በ5 አምፒር ወደ 1.4 ቮልት ይበላል። ያንኑ ርቀት በ6 ካሬ ሽቦ ብትዘረጋው 0.2 ቮልት እንኳ አይሞላም።

ኢንቨርተር ግዛ ያለኝ ሰው ብዛት! 12 ቮልቱን ወደ 220 አሳድገህ፣ ፍሪጁ ደግሞ በራሱ አዳፕተር መልሶ ወደ 12 ሊያወርደው። በሁለቱ ልውውጥ የሚባክነው ባትሪ ያሳዝናል።

ሶማሌ ተራ የምናውቀው የመኪና ኤሌትሪሻን ጋ ሄድን። ጎበዝ ልጅ ነው፣ እጁ ፈጣን ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ከሚገባው በላይ ፈጣን ነው። "ይሄማ ምን አላት፣ ከላይተሩ ስቤ አስር ደቂቃ አትፈጅብኝም" አለ። አይ፣ ከባትሪው ራሱን የቻለ አዲስ መስመር ነው የምፈልገው አልኩት።

"ለአንዲት ፍሪጅ?"

ጋሼ መኪናው ውስጥ ተቀምጠው "ልጁን አታስቸግረው እንጂ!" ይሉኛል። መድኃኒቱ የሳቸው፣ ጭንቀቱ የኔ። ፍሪጁ ውስጥ የሚገባው ምን እንደሆነ ስነግረው ልጁ ቼያቤውን አስቀመጠና "እንደሱ በለኛ" አለ። ከዚያ በኋላ ከኔ ይልቅ እሱ ባሰ።

ሽቦ ለመግዛት መርካቶ ውስጥ ግማሽ ቀን ዞርን። የቤት መስመር ሽቦ አይሆንም፤ ውስጡ አንድ ደረቅ ዘንግ ስለሆነ መኪናው ሲንቀጠቀጥ ውሎ አድሮ ይሰበራል። የሚፈለገው ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው፣ እንደልብ የሚታጠፈው ነው። ሌላው ጉድ ደግሞ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም በመዳብ ዋጋ መሸጡ ነው። ኤሌትሪሻኑ ከጥቅሉ ጫፍ አንዷን ክር መዘዘና በምላጭ ፋቃት። ላይዋ ቀይ፣ ውስጧ ነጭ። ባለሱቁ ምንም አላለም፤ ፈገግ ብሎ ከባንኮኒው ሥር ሌላ ጥቅል አወጣ። ያም ተፋቀ። ቀይ፣ ሲደገምም ቀይ። ዋጋውን ሲነግረን ግን ፈገግታው ወደ እኛ አልተሻገረም።

አሠራሩን በዝርዝር ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ። ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ በአንድ ስንዝር ርቀት ውስጥ ገባ፣ 20 አምፒር። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ፍሪጁን አይደለም። ሽቦው የሆነ ቦታ ተፍቆ ቦዲ ቢነካ፣ ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ክፍል የሚያቆመው ነገር የለም፣ መኪናው በእሳት ይያያዛል። ስለዚህ ያ ክፍል አጭር መሆን አለበት። ሽቦው ከሞተሩ ወደ ውስጥ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ላሜራው እንዳይቆርጠው ጎሚኒ ተደረገለት፣ ከዚያ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሆኖ በበሩ ጎን ከምንጣፉ ሥር ወደ ኋላ ሄደ።

ማሳው ላይ፣ ማለትም የኔጌቲቩ መመለሻ ላይ፣ ትንሽ ተከራከርን። እሱ "ከቦዲው እንውሰደው፣ ሽቦ ይተርፍሃል" አለ። ቀለሙ ተፍቆ ብሎኑ በደንብ ከጠበቀ ቦዲውም ይሠራል፣ እውነቱን ነው። ግን የድሮ መኪና ነው፣ የትኛው ብሎን ሥር ዝገት እንዳለ ማን ያውቃል? ኔጌቲቩንም እስከ ባትሪው መለስነው።

ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል የሚባል ነገር እንዳይኖር ቀድመን ተስማማን። የናስትሮ ሙጫ አፋር ላይ ይቀልጣል፣ ሽቦው ራቁቱን ይቀራል። ጫፎቹ ሁሉ በካፒኮርዳ፣ ሽቦ ጫፍ ላይ በሚጨመቀው የብረት ማያያዣ፣ ተጨመቁ። ኋላ ላይ የላይተር ሶኬት በመግጠም ፈንታ አንድ ዘመድ ከዱባይ ያመጣልኝን ባለ 50 አምፒር አንደርሰን ሶኬት ገጠምን። ሁለት ጠፍጣፋ መነካኪያዎች ተደራርበው ይያያዛሉ፣ በመንገድ ንቅናቄ አይላሉም። የፍሪጁን የቀለጠ ስፒና ቆርጠን ጣልነው፤ ባለቤቱን በእርግጥ በስልክ አስፈቅደናል።

ኮፈኑ ሥር ለሁለተኛ ባትሪ ቦታ ነበረው። ባለ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ከነሪሌው አስገባን። ሞተሩ ተነስቶ ዲናሞው መሙላት ሲጀምር፣ 13.3 ቮልት ገደማ ላይ፣ ሪሌው ሁለቱን ባትሪዎች ያገናኛል፤ ሞተሩ ጠፍቶ ከ12.8 ሲወርድ ይለያያቸዋል። ፍሪጁ ሌሊቱን ሙሉ ቢስብም ጠዋት መኪናውን የሚያስነሳው ባትሪ አይነካም። በሁለቱ መካከል ያለው ገመድ በሁለቱም ጫፍ ፊውዝ አለው፣ ሁለቱም ወገን የኃይል ምንጭ ስለሆነ። እንዲህ ዓይነቱን ባትሪ ከግማሽ በታች ማውረድ ዕድሜውን ያሳጥረዋል፤ ስለዚህ በእጃችን ያለው 50 አምፒር ሰዓት ነው ብለን ነው የተነሳነው። በከባድ ሙቀት ፍሪጁ ከቀኑ ግማሹን ያህል ይሠራል ብትል ለአንድ ቀን ይበቃል፣ ብዙ ሳይተርፍ።

ከመሄዳችን በፊት ግቢ ውስጥ አቁመን አሳደርነው። ኮምፕረሰሩ እየሠራ ስለካው ባትሪው ላይ 12.5፣ ፍሪጁ ጋ 12.3። ኤሌትሪሻኑ ጋ ደውዬ ቁጥሩን ነገርኩት። "እና ምን ጠብቀህ ነበር?" አለኝ።

ሳይነጋ ወጣን። እስከ አዳማ ፈጣን መንገድ ነው፣ ስለሱ የሚወራ የለም። መተሐራ ላይ የበሰቃ ሐይቅ መንገዱን ከግራም ከቀኝም ይዞታል፣ ፈንታሌ ተራራ ከላይ ያያል። አዋሽ ሰባት ኪሎ ቁርስ በላን። ከዚያ ወዲያ የጅቡቲ ተሳቢዎች አገር ነው፤ ገዋኔን፣ ሚሌን አልፈህ ሎጊያ እስክትደርስ አንዱን ደርበህ ሌላው ኋላ መግባት ነው። ጋሼ የየከተማውን ስም ሰሌዳ ጮክ ብለው ያነባሉ። እኔ የፍሪጁን ዲግሪ አነባለሁ። 4። 4። 5። 4።

ሁለት መኪና ነበርን። የሁለተኛው መኪና ልጆችም ፍሪጅ ይዘዋል፣ ከኛው የሚተልቅ፣ ውስጡ ለጥብስ የተዘጋጀ ሥጋና ለስላሳ የሞላበት። የሰኩት የፊቱ ላይተር ላይ ነው፣ ያውም ባለ ሦስት ቀዳዳ ማከፋፈያ ጨምረው፣ ስልክም እዚያው ይሞላል። ሚሌ አካባቢ ስልካቸው መሙላት ማቆሙን አዩ፤ ፍሪጁን ግን ከፍቶ ያየው የለም። ሎጊያ ደርሰን ለስላሳ አውጡ ስንል ጣሳው ለብ ብሏል። ፊውዙ ተቃጥሎ ነበር። ሹፌራቸው "እኔማ ስልክ ብቻ መስሎኝ" አለ። ሥጋውን ማንም ለመሞከር አልደፈረም።

ሎጊያ መንገድ ዳር ያገኘነው ኤሌትሪሻን ማከፋፈያውን አወጣና አሸተተው፣ ከዚያ እኛንም አስሸተተን። የተቃጠለ ፕላስቲክ። የኛን መስመር ኮፈን ከፍቼ ሳሳየው ፊውዙን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ፣ ይሄን ማን ሠራው አለ። ሶማሌ ተራ አልኩት። ሳቀ። ለልጆቹ እንደዚያው ከባትሪው አዲስ መስመር ጣለላቸው፤ አንደርሰን ስላልነበረ በካፒኮርዳና በብሎን ከፍሪጁ ገመድ ጋር አሰረው። ቁመናው አያምርም፣ ግን እስክንመለስ አልተነቀነቀም።

ሰመራ አድረን በሰርዶ በኩል ወደ ሰሜን ታጠፍን። ጥቁር የቀለጠ ድንጋይ ሜዳ፣ ከዚያ ድንገት ከታች የሚያበራ ውሃ። የአፍዴራ ሐይቅ ከባሕር ወለል 100 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ዳሩ ላይ ውሃው እየተነነ ጨው የሚሆንባቸው ገንዳዎች ተደርድረዋል፣ ጎናቸው የጨው ክምር። ጋሼ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ፍል ውሃው ዳር ተቀመጡና፣ በዚያ ሙቀት ፍል ውሃ ምን ያደርጋል ብንላቸው አልሰማም አሉ።

ሌሊቱ እኩለ ሌሊትም ላይ አይበርድም። ውጪ ነው የተኛነው። ኮምፕረሰሩ አዲስ አበባ ላይ አልፎ አልፎ የሚሰማ ድምፅ ነበር፤ እዚህ እምብዛም አያርፍም። ኢንሱሊኑን ከፍሪጁ ግድግዳ አርቄ፣ በፎጣ ጠቅልዬ መሐል ላይ ነበር ያስቀመጥኩት፣ ምክንያቱም ግድግዳው ጋ ከተጠጋ ሊቀዘቅዝ ሳይሆን ወደ በረዶነት ሊሄድ ይችላል፣ በረዶ የነካው ኢንሱሊን ደግሞ አይወጋም። ጠዋት ጋሼ ሲነሱ 4 ዲግሪ። ሁለተኛው ባትሪ 12.3። መኪናው በመጀመሪያ ቁልፍ ተነሳ። ጋሼ መርፌያቸውን ወጉና "ቡናውስ?" አሉ።

ስንመለስ ሁሉንም ብሎኖች አየኋቸው፤ ከኮረኮንቹ በኋላ የሁለተኛው ባትሪ ፖዘቲቭ ትንሽ ላልቶ ስለነበር የስፕሪንግ ሮንዴላ ተጨመረለት። ቀጥሎ ፖርቶመጋላው ላይ የ100 ዋት ሶላር ልሰቅል ነው፣ አንድ ቦታ ሁለት ሦስት ቀን መቀመጥ እንድንችል። ጋሼን ሳማክራቸው ሶላሩን ትተህ መጀመሪያ የኋላውን ወንበር አሠራልኝ፣ ወገቤን ጨረሰው አሉኝ።