አሥር በአሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር

ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ የፋሺስት ጦር ያፈሰው ሰው ብዙ ነበር። ከሞቃዲሾ በስተደቡብ ወዳለው የዳናኔ እስር ካምፕ የተጋዘ አለ፣ በቀይ ባሕር ወዳለችው የእስር ደሴት ኖኩራ የተጣለ አለ፤ ከመኳንንቱና ከተማረው ወገን ደግሞ እስከ ጣሊያኗ ደሴት አዚናራ ድረስ የተወሰዱ ነበሩ፣ ደራሲዋ ስንዱ ገብሩ አንዷ ናት። በዚያን ጊዜ የነበረው የጄኔቭ ውል የሚጠብቀው የጦር ምርኮኛን እንጂ ሲቪሉን አልነበረም። «ልጄ የት ገባ?» ለሚል ዘመድ መልስ የመስጠት ግዴታ በወራሪው ላይ አልተጣለም።

ግዴታው የመጣው ነሐሴ 6 ቀን 1941 ዓ.ም. በጸደቀው አራተኛው የጄኔቭ ስምምነት ነው። ከአንቀጾቹ ሁሉ እኔ የማስቀድመው 106ኛውን ነው፤ የተያዘ ሲቪል ስለሚልካት አንዲት ካርድ ይናገራል። መጠኗ 10 በ15 ሳንቲ ሜትር፣ ቴምብር አያስፈልጋትም። ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ ቀንና ቦታ፣ ሥራ፣ የቅርብ ዘመድ አድራሻ፣ የተያዘበት ቀን፣ የጤና ሁኔታ፣ አሁን ያለበት ቦታ፣ ፊርማ ይሞላባታል። አንዷ በቀጥታ ለቤተሰብ፣ ሌላዋ ለቀይ መስቀል ማዕከላዊ የፍለጋ ቢሮ ትላካለች፤ ካምፕ ከደረሰ ቢበዛ በ1 ሳምንት ውስጥ። ሲታመም ወይም ሲዛወር እንደገና ይላካል።

ችግሩ «ካምፕ ከደረሰ» የምትለው ቃል ላይ ነው። ወታደር ኬላ ላይ ይይዛል፣ ሳይመዘግብ በካሚዮን ይጭናል፣ መጋዘን ውስጥ ሳምንታት ያቆያል። ሰው የሚጠፋው እዚያ መሐል ነው።

ለእኛ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፣ እኛ የለንም። አንዱ ጸሐፊ የአባትን ይሞላል፣ ሌላው የአያትን። «ፀሐይ» በላቲን ፊደል ሁለት ሦስት ዓይነት ይጻፋል። የልደት ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ተጽፎ እንደ ፈረንጅ ከተነበበ የ20 ዓመቱ ልጅ መዝገብ ላይ የ28 ዓመት ሰው ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ ለቀይ መስቀል የፍለጋ ጥያቄ ስታቀርቡ (አገልግሎቱ በነፃ ነው) ስሙን እስከ አያት፣ የእናቱን ስም፣ የቤት ስሙን፣ የምታውቁትን የላቲን አጻጻፍ ሁሉ ስጡ። የዘመን አቆጣጠሩን ለይታችሁ ጻፉ። መጨረሻ የታየበትን ቦታና ቀን አትርሱ። ሰውየው ተገኝቶ የቀይ መስቀል መልእክት ስትልኩ ወረቀቱ ሳይታሸግ እንደሚሄድና እንደሚነበብ እወቁ፤ ስለ ጦር ወይም ስለ ፖለቲካ አንድ መስመር ከገባበት ሊታገድ ይችላል። ማን ወለደ፣ ማን ታመመ፣ ማን አረፈ፣ ይህን ብቻ ጻፉ።