«ዋ!» በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

ለጥምቀት ጎንደር ገብቻለሁ። ከስድስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። አዘዞ፣ እናቴ ቤት፣ ቡና ተፈልቶ የእህቴ ልጅ ደብተሩን ይዞ አጠገቤ ቁጭ ብሏል። ዲቪ ደርሶት ቪዛውን ተቀብሏል። «አጎቴ፣ መጀመሪያ የትኛውን እንግሊዝኛ ልያዝ?» አለኝ። ሰላምታው አይቸግርህም፣ የአደጋንና የዛቻን ቃላት ያዝ አልኩት። ምክንያት አለኝ።

አሜሪካ በገባሁ በአራተኛው ወር ነው። መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ምግብ ተካፍለን የምንበላ አንድ ሜክሲኳዊ ጓደኛ ነበረኝ። አንድ ሌሊት ጓንቴን ደብቆ ሲስቅ ያዝኩትና ጣቴን ቀስሬ «አይ ዊል ኪል ዩ!» አልኩት። በልቤ የነበረው እማዬ ከልጅነቴ ጀምሮ የምትለኝ «እገልሃለሁ፣ ዋ!» ነው። እሱ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላችን ካርቶን የምታሽገው ሴት ግን አልሳቀችም።

ፈረቃው ሳያልቅ ቢሮ ተጠራሁ። ጠረጴዛው ላይ ባለው ወረቀት «ትሬት» የሚል ቃል ተጽፏል። ስልኬ ላይ ፈለግሁት። «ዛቻ» ይላል። እጄ ተንቀጠቀጠ። በሕይወቴ ማንም ላይ ዝቼ አላውቅም! ጓደኛዬ መጥቶ መሰከረልኝ። ቢሆንም ማጣራቱ እስኪያልቅ ሦስት ቀን ያለ ደመወዝ ቤት ዋልኩ። የቤት ኪራይ መክፈያዬ ደግሞ ደርሶ ነበር።

ሴትዮዋን አልተቀየምኳትም። እነሱም በዚያው ቃል ይቀልዱበታል፤ የሚቀልዱት ግን ድምፁን ከሚያውቁት ሰው ጋር ነው። የእኔን ድምፅ ማን ያውቀዋል? እሷ የሰማችው ጣት ተቀስሮ ጮክ ተብሎ የተነገረ ቃል ነው።

የእኛ «ዋ!» አንድ ፊደል ናት። ማስጠንቀቂያም ናት፣ ማስፈራሪያም ናት፣ እናት ስትላት ደግሞ ስስትም አለባት። እንግሊዝኛ እነዚህን ይለያያቸዋል። ክፉ ነገር እንዳይደርስብህ ሰው ቀድሞ ከነገረህ «ዋርኒንግ» ነው። ክፉውን የማደርስብህ እኔ ነኝ ካለህ «ትሬት» ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ሲጽፍ «ዋርኒንግም እኮ በ‹ዋ› ነው የሚጀምረው» አለ። እማዬ ደስ አላት።

«አደጋ» የሚለው ቃላችንም እንደዚሁ ነው። መኪና ቢገለበጥ አደጋ ደረሰ እንላለን። ገና ምንም ሳይደርስም አደጋ አለ እንላለን። እንግሊዝኛ የደረሰውን «አክሲደንት»፣ ያንዣበበውን «ዴንጀር» ይለዋል። ይህ ልዩነት የገባኝ በስሜን ተራሮች ነው። ፓርኩ ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ «ኢን ዴንጀር» ከተባሉት ቅርሶች ውስጥ ነበር። እዚያ ማዶ ሆኜ መጀመሪያ ሳነበው ተራራው አንድ ነገር የሆነ መስሎኝ ደንግጬ ቤት ደወልኩ። የሆነውማ የዋልያው ቁጥር ማነስ፣ የእርሻውና የግጦሹ መስፋት ነው፤ ቃሉም ሳይጠፋ ድረሱለት ማለት ነበር።

«ዴንጀር» ከድሮው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ያኔ የጌታ ሥልጣን ማለት ነበር። በአንድ ሰው ዴንጀር ውስጥ መሆን ማለት በእጁ መውደቅ ነው። ይህን ሳነብ ያ ቢሮ፣ ያ ወረቀት ትዝ አለኝ። ስደተኛ ይህን ትርጉም ያለ መዝገበ ቃላት ያውቀዋል።

ልጁ ያላወቃቸው «ሃዛርድ» እና «ሪስክ» ነበሩ። ለእነዚህ ወደ ፋሲል መዋኛ ወሰድኩት። ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውኃ ተሞልቷል፤ የዛፎቹ ሥር የግንቡን ድንጋይ አቅፎ ይዟል። ውኃው ሲባረክ ወጣቶቹ ከግንቡ ላይ ይወረወራሉ። ውኃው ራሱ ሃዛርድ ነው አልኩት፤ ሰው ባይኖርም እዚያው ነው። ሪስክ የሚባለው አንተ ስትዘል የመጎዳትህ ዕድል ነው፤ ጉዳቱ ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችልም ይታሰባል። ዋና የሚችልና የማይችል እኩል ሪስክ የለባቸውም። ገባው።

ከሁሉ አጥብቄ ያስያዝኩት ግን መጋዘንና ፋብሪካ ውስጥ የሚያያቸውን ምልክቶች ነው። ቀይ «ዴንጀር» ካለ፣ ካልራቅህ ትሞታለህ ወይም ክፉኛ ትጎዳለህ ማለት ነው። ብርቱካናማው «ዋርኒንግ» ልትሞት ወይም ክፉኛ ልትጎዳ ትችላለህ ይላል። ቢጫው «ኮሽን» ቀለል ያለ ወይም መካከለኛ ጉዳት ነው። ሦስቱንም በእኛ «አደጋ» ብቻ ተርጉሞ የያዘ ሰው ቀዩን እንደ ቢጫው ያልፈዋል። እኔ ቀይ ምልክት ያለበት ማሽን አጠገብ ሁለት ወር ቆሜያለሁ። ማንም አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁም።

አሁን ሦስተኛው ቡና ቀርቧል። ልጁ ደብተሩን ደረቱ ላይ ይዞ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ እያለ በቃሉ ይወጣል፤ እየተንጎራደደ። እማዬ ከጀበናው ቀና ሳትል «ረከቦቱን እንዳትረግጠው፣ ዋ!» አለችው። ዞር ብሎ አለፈ።