የፍሬቻ ብልሽት፦ አምፖል ከመቀየራችሁ በፊት የማሳውን ሽቦ እዩ

የአሮጌዋን መኪናዬን ኤሌክትሪክ ሽቦ በሽቦ እየተማርኩ ነው። የሞተር ሥራ ድሮም እነካካ ነበር። የመብራት መስመር ሲሆን ግን እጄን እሰበስብ ነበር። አሁን የፍሬቻው ጉዳይ መልክ ስለያዘልኝ፣ እንደኔው ከአሮጌ መኪና ጋር ለምትታገሉ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ችግሮቹ ሁለት ነበሩ። የመጀመሪያው የቀኝ ፍሬቻ ነው። ሲበራ ከልክ በላይ ይጣደፋል። ፍሬን ስረግጥ ደግሞ የኋላው ፍሬቻ ይደክማል፤ የፍሬን መብራቱም አብሮት ይርገበገባል። ሁለተኛው፣ አንዳንዴ የግራውም የቀኙም ፍሬቻ ጭራሽ እምቢ ይላል። የሚገርመው ሀዛርዱ፣ ማለትም አራቱንም ፍሬቻ አንድ ላይ የሚያበራው፣ ሁሌም ይሠራል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ አምፖልና ፍላሸር (ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገውን ዕቃ) ገዝቶ ይመጣል። እኔ ግን መጀመሪያ መስመሩን በወረቀት መሳል ይሻላል ባይ ነኝ። በብዙ አሮጌ መኪኖች የፍሬቻው መስመር እንዲህ ነው። ኤሌክትሪኩ ከባትሪ ተነስቶ በቁልፉና በፊውዙ በኩል ሀዛርድ ማብሪያው ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወደ ፍላሸሩ፣ ከፍላሸሩ መሪው ሥር ወዳለው የፍሬቻ ማብሪያ ይሄዳል። እዚያ ግራና ቀኝ ይለያያል። አምፖሎቹን አብርቶ በማሳ፣ ማለትም በቦዲው ብረት በኩል፣ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ይመለሳል። ሀዛርዱ ግን ቁልፉን አይጠብቅም። ከባትሪ በራሱ ፊውዝ በቀጥታ ይመጣና ያንኑ ፍላሸርና እነዚያኑ አምፖሎች ይጠቀማል።

ይቺን ካወቃችሁ ምንም ሳትፈቱ ግማሹን ሥራ ጨርሳችኋል። ሀዛርዱ አራቱንም በደንብ ካበራ፣ ፍላሸሩ፣ አምፖሎቹና ወደነሱ የሚሄዱት ሽቦዎች ደህና ናቸው። የቀሩት ዋና ተጠርጣሪዎች የፍሬቻው ፊውዝ፣ የሀዛርድ ማብሪያው ውስጠኛ ኮንታክት (የብረት መገናኛ) እና መሪው ሥር ያለው ማብሪያ ናቸው። አንዳንድ መኪኖች ለሀዛርድ ለብቻው ሌላ ፍላሸር ስላላቸው የመኪናችሁን የሽቦ ሥዕል አይታችሁ አረጋግጡ።

ስለ መጣደፉም አንድ ነገር ልበል። የፍሬቻ ፍጥነት በዓለም አቀፍ ደንብ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ነው። ኤሌክትሮኒክ ፍላሸር የሚያልፍበትን ከረንት፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰት፣ ይለካል። አንድ አምፖል ሲቃጠል ከረንቱ ይቀንሳል፤ እሱም ለሹፌሩ ለማሳወቅ ይፈጥናል። የጥንቶቹ በሙቀት የሚሠሩት ፍላሸሮች ግን ሌላ ናቸው። ውስጣቸው ሲሞቅ የሚታጠፍ የብረት ቅጠል አለ። ከረንቱ ሲያንስ ቅጠሉ በቂ ሙቀት ስለማያገኝ ፍሬቻው ይዘገያል፣ ወይ በርቶ ይቀራል። ኤልኢዲ አምፖል ያስገቡ ሰዎች ፍሬቻቸው የሚያብድባቸውም ለዚሁ ነው። ኤልኢዲ የሚወስደው ከረንት ትንሽ ስለሆነ ፍላሸሩ አምፖል የተቃጠለ ይመስለዋል።

የኔ አምፖሎች አልተቃጠሉም። ታዲያ ከረንቱን ምን ቀነሰው?

የቀኙን የኋላ መብራት ፈትቼ አወጣሁት። ከጀርባው አንድ ጥቁር ሽቦ ወጥቶ ወደ ጎን ይሄዳል። ጫፉ ላይ ቀለበት አለ፤ ቀለበቱ በአንዲት ብሎን ቦዲው ላይ ታስሯል። የፍሬቻው፣ የፍሬኑና የፓርኪንግ መብራቱ ማሳ ሁሉ በዚህ በአንዱ ሽቦ ነው የሚመለሰው። ብሎኗ ቡናማ ሆናለች። ቀለበቱ ሥር አረንጓዴ ዱቄት ተጋግሯል። በእጅ ሲነካ ጠንካራ ነው፤ ከላይ ለሚያየው ደህና የታሰረ ይመስላል።

ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ኦም ላይ፣ ማለትም ሬዚስታንስ መለኪያው ላይ፣ አድርጌ ከአምፖሉ ማቀፊያ እስከ ቦዲው ንጹህ ብረት ለካሁ። 2 ኦም አካባቢ አሳየኝ። ይህን ቁጥር አይቶ ማለፍ በጣም ቀላል ነው። ግን አስሉት። ባለ 21 ዋት አምፖል በ12 ቮልት 1.75 አምፔር ይወስዳል። ስለዚህ ሲበራ የራሱ ሬዚስታንስ 7 ኦም ገደማ ነው። ከ7 ጋር 2 ተጨመረ ማለት ከአምፖሉ ድርሻ አንድ አምስተኛ በላይ ዝገቱ ላይ ቀረ ማለት ነው።

እውነቱን የሚያወጣው ግን መብራቱ በርቶ እያለ ቮልት መለካት ነው። የቴስተሩን አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የአምፖሉ ማሳ ላይ አድርጌ ፍሬቻውን አበራሁ። ደህና ማሳ ቢሆን ከ0.2 ቮልት ማለፍ የለበትም። የኔ ፍሬቻው ብልጭ ባለ ቁጥር ወደ 3 ቮልት ይዘል ነበር። ፍሬን ሲረገጥ ደግሞ ከዚያም ይብሳል፤ የፍሬኑ አምፖል ከረንትም በዚያው በጠበበው መንገድ ነው የሚያልፈው። ሁለቱ አብረው ይርገበገቡ የነበረው ለዚህ ነው። ፍላሸሩም የተቃጠለ አምፖል ያለ መስሎት ይጣደፋል።

ጥገናው ከምርመራው ይቀላል። ባትሪውን ኔጌቲቩን አስቀድሜ ነቀልኩ። ብሎኗን ፈታሁ፤ ቀለበቱንም ቦዲውንም በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበሩ ፈገፈግኩ። ቀለሙ ተነስቶ ራቁት ብረት መታየት አለበት። ሽቦው ቀለበቱ ውስጥ ገብቶ የሚታመቅበት ቦታ ጠቁሮ ስለነበር ቆርጬ አዲስ ቀለበት አደረግኩለት። ከታሰረ በኋላ ዝገት እንዳይመለስ ከላይ ግሪስ ቀባሁት። ከዚያ ያንኑ ልኬት ደገምኩ፤ 0.1 ቮልት እንኳ አልሞላም። ቀኙ ከግራው ጋር እኩል መምታት ጀመረ። እውነት ለመናገር በጣም ደስ ብሎኛል።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው አለ። መብራቱ ጠፍቶ የሚለካ ቮልት አያስተማምንም። ቴስተር ከመስመሩ የሚወስደው ከረንት ኢምንት ስለሆነ በአንዲት ክር የተንጠለጠለ ሽቦም 12 ቮልት ያሳየዋል። አምፖል ሲገባበት ግን ባዶ ነው። አንድ አሮጌ አምፖል ላይ ሁለት ሽቦ አስራችሁ መሞከሪያ አድርጉት። ከቴስተሩ ጎን አይለያችሁ።

ሁለተኛው ችግር የሚሠራና የማይሠራ ዓይነት ስለነበር ሲበላሽ መጠበቅ ነበረብኝ። እምቢ ባለበት ሰዓት ፍላሸሩ መግቢያ ላይ ለካሁ። የመግቢያው እግር አንዳንዱ ላይ 49፣ አንዳንዱ ላይ ቢ ተብሎ ይጻፋል። ምንም የለም። ሀዛርዱን ስጫን 12 ቮልት መጣ። ፊውዙን በሁለቱም ጫፍ ለካሁ፤ ሁለቱም ጋ አለ። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ የተቋረጠው ሀዛርድ ማብሪያው ውስጥ ነው። የሀዛርዱን ማብሪያ ደጋግሜ ስጫነውና ስለቀው ፍሬቻው ነፍስ ዘራ። ይህ ራሱ ጥሩ ምልክት ነው፤ ኮንታክቱ ቆሽሿል ማለት ነው።

ማብሪያውን አውጥቼ ስከፍተው የመዳብ ምላሶቹ ጠቁረዋል። በኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ አጠብኳቸው። ስትከፍቱት ትሪ ላይ ሁኑ፤ ውስጡ ያለችው ትንሽ ስፕሪንግ ዘልላ ከጠፋች ፍለጋው ከጥገናው ይረዝማል። መሪው ሥር ያለውን ማብሪያ መፍታት ካስፈለጋችሁና መኪናችሁ ኤርባግ ካለው ግን መሪውን ራሳችሁ አትንቀሉ። ለባለሙያ ስጡት።

ዳሽቦርዱን ከፍቼ ሳለሁ ከበፊት ጊዜ የቀሩ መገጣጠሚያዎች አገኘሁ። ተጠምዝዘው በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለሉ ናቸው። ሙጫው ደርቆ ተላጧል፤ መዳቡ ወጥቶ ይታያል። እየቆረጥኩ በማያያዣ አምቄ፣ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ አልብሻቸዋለሁ። አንዱ መስመር ላይ 10 አምፔር ይበቃው የነበረ ቦታ 30 አምፔር ፊውዝ ተሰክቶበታል። ይህን ዝም ብላችሁ እንዳታልፉ። ፊውዙ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ትልቅ ፊውዝ ከገባ፣ ሾርት ሲመጣ ፊውዙ ሳይሆን ሽቦው ይነድዳል፤ ከሽቦው ጋር መኪናው።

አሁን የቀረኝ የኋላው በር መስመር ነው። በሩ ወደ ላይ ሲከፈት የሰሌዳ መብራቱ ይጠፋል፤ ሲዘጋ ይመለሳል። ሽቦዎቹ ማጠፊያው ጋ ባለው የጎማ ቱቦ ውስጥ ያልፋሉ። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እዚያው ቦታ ይታጠፋሉ። ከላይ ፕላስቲኩ ደህና ሆኖ ውስጡ መዳቡ ሊበጠስ ይችላል። ቱቦውን ገልጬ እያንዳንዱን ሽቦ ቀስ ብዬ እስባለሁ፤ የተበጠሰው እንደ ላስቲክ ይሳባል። ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ለስላሳ ሽቦ አዘጋጅቻለሁ። መገጣጠሚያዎቹን ከመታጠፊያው ውጪ፣ በበሩና በቦዲው ውስጥ አደርጋቸዋለሁ። ሁሉም አንድ ቦታ ላይ እንዳይወፍሩም አንዱን ከሌላው አራርቄ ነው የማስራቸው። ከመቁረጤ በፊት ግን የእያንዳንዱን ቀለም በፎቶ እይዛለሁ።