ቀይ መብራቱ የጠፋ ራስቤሪ ፓይ 3፦ ካርዱን ከመጠርጠር በፊት ቴስተር

ጓደኛዬ የሮቶውን የውሃ መጠን ስልኩ ላይ ለማየት ራስቤሪ ፓይ 3 (ባለ አንድ ቦርድ ትንሽ ኮምፒውተር) ላይ የርቀት ሴንሰር (ኤችሲ-ኤስአር04) ሲሰካ ፕላስና ማይነሱ ተገላበጠበት። አይገርምም፤ ፒን 4 ባለ 5 ቮልት ነው፣ አጠገቡ ያለው ፒን 6 ደግሞ ግራውንድ (ማይነስ)። ሴንሰሩ ሸተተ፣ የቦርዱ ቀይ መብራትም ጠፋ።

እኔ ጋ ያመጣው ቦርዱ የሚነሳበትን ኤስዲ ካርድ ደጋግሞ ፎርማት ካደረገ በኋላ ነው። ሁላችንም መጀመሪያ የምንሮጠው ወደ ካርዱ ነው። ካርድ ሲነበብ ብልጭ የሚለው ግን አረንጓዴው ነው፤ ቀዩ የሚያሳየው ኃይሉን ነው፣ 5 ቮልቱ ከ4.63 ገደማ ሲወርድ ይጠፋል።

ሽቦውን ሁሉ ነቅለን፣ ቻርጀሩን ሳንሰካ፣ ቴስተሩን ድምፅ ላይ አድርገን ፒን 1ንና ፒን 6ን ነካን። ዝም አለ፤ ተመስገን። ያለማቋረጥ ቢጮህ የ3.3 ቮልቱ መስመር ሾርት ሆኗል ማለት ነበር፣ ያ ከሆነ ቦርዱ ብዙ ጊዜ አይተርፍም። ቻርጀሩን ስንሰካ ፒን 2 ላይ ያገኘነው 3 ተኩል ቮልት አካባቢ ነው። ያው ቻርጀር ሌላ ቦርድ በደንብ ያስነሳል። ስለዚህ የጠረጠርነው ከዩኤስቢ መግቢያው ቀጥሎ ያለውን ፖሊፊውዝ ነው። ይሄ ፊውዝ አይበጠስም፤ ብዙ ከረንት ሲያልፍበት ግሎ ያንቃል፣ ሲቀዘቅዝ ቀስ እያለ ይመለሳል። ጓደኛዬ ደግሞ ሴንሰሩን ሳይነቅል ቻርጀሩን ሲሰካ ሲነቅል ነበር። ነቅለን አሳደርነው፤ ሲነጋ 5ም 3.3ም ሙሉ፣ ቀዩም በራ።

ቦርዱ ተነሳ ማለት ግን የምልክት ፒኖቹ (ጂፒአይኦ) ሁሉ ተርፈዋል ማለት አይደለም፤ ከ3.3 ቮልት በላይ አይችሉም። እያንዳንዱን ኢንፑት አድርገን፣ በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አንዴ ከግራውንድ አንዴ ከ3.3 ጋር አገናኘነው። የሴንሰሩ ኤኮ (መልሱን የሚልክበት እግር) የነበረበት ጂፒአይኦ 24 ግራውንድ ላይም 0 ማለት ሲገባው 1 ይላል፤ ሞቷል። (ጂፒአይኦ 24 ሃያ አራተኛው ፒን አይደለም፣ ፒን 18 ነው። ተርሚናሉ ላይ «ፒንአውት» የሚለውን ትእዛዝ ስጡት፣ ሥዕሉን ያወጣላችኋል።)

የአዲሱን ሴንሰር ኤኮ ወደ ጂፒአይኦ 25 አዛወርነው። በትክክል ቢሰካም ኤኮው የሚያወጣው 5 ቮልት ስለሆነ በኤኮውና በፒኑ መሃል 1 ኪሎ ኦም፣ ከፒኑ ወደ ግራውንድ ደግሞ 2 ኪሎ ኦም ገባ፤ 3.33 ይሆናል። ባለ 2 ካጣችሁ ሁለት ባለ 1 ቀጥሉ።

አሁን ያነባል። የቀረው የሮቶው እርጥበት ነው። ውሃ የማያስገባው ጄኤስኤን-ኤስአር04ቲ ይሻላል፣ ግን ከ20 ሳንቲሜትር በታች ስለማያነብ ሮቶው ሲሞላ ይሳሳታል። የሞከራችሁ ካላችሁ ከክዳኑ ምን ያህል ከፍ አድርጋችሁ እንደሰቀላችሁት ንገሩን።